ወደ ቆላ የምታየው ቀዳዳ

ስልኬ ሲጠራ ከቢሮ ወጥቼ ሰመራ አስፋልት ዳር ባጃጅ እየጠበቅኩ ነበር። የጋሽ በላቸው ስም መሆኑን ሳይ ሰላምታ እንኳን አላስቀደምኩም። «ጋሼ፣ ዛሬስ ስንት ሹራብ ደርበዋል?» አልኩ እየሳቅኩ። ከወዲያ ሳል ሰማሁ፤ የሴት ሳል፣ ደረቅና ቶሎ የማያባራ።

«እኔ ነኝ ልጄ፣ አስካለ ነኝ» አሉ የጋሽ በላቸው ባለቤት። «በላቸው አርፏል። ከቀበርነው ዛሬ አስራ ሁለት ቀኑ ነው።»

ባጃጁ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ሹፌሩ ሁለቴ ጥሩንባ ነፋብኝና ትቶኝ ሄደ። ለእትዬ አስካለ ምን እንዳልኳቸው በደንብ አላስታውስም፤ በእነሱ በክርስቲያኖቹ ደንብ «ነፍስ ይማር» ማለቴን ግን አውቃለሁ። ሁለታችንም አልቅሰን ስናበቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የደወሉት ለመርዶ ብቻ አልነበረም።

«ሐሙስ ጎረቤቶቹ ቤቱን ሊመርጉልኝ ይመጣሉ» አሉኝ። «ውርጩ ሳይብስ፣ እንደየዓመቱ። ግድግዳውን ዙሪያውን ነው የሚመርጉት። ያቺን ቀዳዳ ምን ላድርጋት? ልድፈን ብዬ ጭቃ ይዤ ሄድኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። ልተዋት ብል ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ብርድ የምትልክብኝ እሷ ናት። የናንተ አገር ቀዳዳ አይደለች? አንቺ ወስኚልኝ።»

«ደረትዎስ?» አልኩ።

«ደረቴማ ያው ነው። ብርዱ ሲጀምር እሱም ይጀምራል።»

እስከ ረቡዕ ማታ እደውልልዎታለሁ ብዬ ዘጋሁ። ቀኑ ሰኞ ነበር። በሰው ቤት ግድግዳ ላይ ፈራጅ ሆኜ ተቀምጬ አላውቅም፤ ለዚያውም ብርድ በሚባል ጉዳይ ላይ። ቀዳዳዋ የቡጢ ያህል ናት። የሷን ነገር ለማስረዳት ግን ከሰውየው መጀመር አለብኝ።

ጋሽ በላቸው የመንዝ ሰው ነበሩ። አገራቸው ከመሐል ሜዳ አለፍ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ በጥቅምት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ የሚገኝበት። ሃያ ዓመት ያህል የኖሩት ግን ሰመራ ነው፣ የመሥሪያ ቤታችን አናጢና ግንበኛ ሆነው። አጭር፣ ደንዳና፣ እጃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ የሚመስል ሰው ነበሩ። እኔ በንብረት ክፍል ሠራተኛነት ተቀጥሬ ስመጣ እሳቸው ለሰመራ ነባር ሰው ነበሩ። አዋሽ ሰባት ኪሎ ተወልጄ ነው ያደግኩት፤ ሰው ስለ ብርድ ሲያወራ ስለማላውቀው ዘመድ የሚያወራ ያህል ነበር የምሰማው።

መጀመሪያ የተዋወቅነው ሚስማር ሊያወጡ ንብረት ክፍል የመጡ ዕለት ነው። መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ቆሟል። እኔ በካርቶን ፊቴን እያራገብኩ ቅጹን እሞላለሁ። ጋሽ በላቸው ሚስማሩን ትተው ጣራውን፣ መስኮቱን፣ በሩን ዞረው አዩ።

«ልጄ፣ አንቺ እዚህ ውስጥ እየሠራሽ አይደለም» አሉኝ። «እየተቀቀልሽ ነው።»

ከደረት ኪሳቸው ጥቁር ክር አወጡ። የበግ ፀጉር ክር ነው፣ አንድ ክንድ አይሞላም። በሁለት ጣታቸው ጫፉን ይዘው መስኮቱ ሥር አንጠለጠሉት፤ ከዚያ በሩ ላይ፣ ከዚያ ወንበር ላይ ወጥተው ከጣራው በታች። ትንፋሻቸውን ሳይቀር ይዘው ያዩታል። ክሩ ዝም አለ። «አየሽ? ቤትሽ ሞቷል» አሉኝና ወረዱ። በማግስቱ መሮና መዶሻ ይዘው መጥተው ከመስኮቱ ትይዩ፣ ከላይ በኩል፣ አንድ ረድፍ ብሎኬት አነሱና ወንፊት ሽቦ መቱበት። ክሩን መልሰው ሲይዙት ተነሥቶ ጨፈረ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጃቸው ሆንኩ።

ሌላው ግንበኛ ግድግዳ የሚያቀናበት ቱምቢ ይዞ ይዞራል፤ እሳቸው ክር ይዘው ይዞሩ ነበር። ክሩን የፈተሉት እትዬ አስካለ እንደሆኑ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ሰመራና ሎጊያ ውስጥ «ቤቴ ፈጀኝ» ያለ ሰው ሁሉ ጋሽ በላቸውን ይጠራል፤ እሳቸውም ቅዳሜና እሁድ እየሄዱ ግድግዳ ይከፍታሉ፣ ቆርቆሮ ከግድግዳ ከፍ ያደርጋሉ፣ በረንዳ ያዞራሉ። ይህን ጥበብ ከየት አመጡት የሚላቸው ካለ ወደ ጥበቃችን ወደ ሁመድ ይጠቁሙት ነበር። አንድ ቀን ሁመድ እናቱ ቤት ጋብዟቸው ኖሮ፣ ሴትዮዋ የሰሌኑን ቤት በነፋሱ በኩል ከሥር ገለጥ፣ በፀሐዩ በኩል ደፋ እያደረጉ ሲያዞሩት አዩ። «ይቺ እናትህ መሐንዲስ ናት እኮ!» አሉት። ሁመድ ይህን ንግግር እንደ ሽልማት ይዞት፣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ በር ላይ ያወራው ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። ብርድ አገር ተወልዶ፣ ዕድሜውን ሙሉ ለነፋስ በር ሲከፍት የኖረ ሰው ነው።

በታኅሣሥ ጠዋት ሰመራ ትንሽ ቀዝቀዝ ትላለች። ያን ጊዜ ቢሮው በሙሉ ጃኬት ይለብሳል፤ ሒሳብ ክፍል ያሉት ሴቶች በነጠላ ይጠቀለላሉ፣ እኔም ሻርፔን አንገቴ ላይ እጠመጥማለሁ። ጋሽ በላቸው በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ከበር እስከ በር እየዞሩ ይስቁብናል። «ይኼ ነው ብርድ? ይኼማ ጥላ ነው!» ይላሉ። ከዚያ ትምህርት ይጀምራል። በአገራቸው ብርድ እንዴት እንደሚመጣ፣ ዝናቡ ካበቃና ሰማዩ ከጠራ በኋላ መሆኑን፣ ሰው እንዴት ቀድሞት እንደሚዘጋጅ። ጭቃ በጭድ ተቦክቶ እንደሚሰነብት፣ እበት እንደሚጨመርበት፣ ስንጥቁ ሁሉ በጣት እየተዳሰሰ እንደሚሞላ፣ ክዳኑ በጓሳ ሣር እንደሚጠጋ፣ ኩበቱ ደርቆ ቤት እንደሚገባ፣ በር ላይ አጎዛ እንደሚሰቀል። እኛ ላብ በላብ ሆነን ይህን ሁሉ ስንሰማ ተረት ይመስለን ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጋሽ በላቸውም በታኅሣሥ ሹራብ መልበስ ጀምረው ነበር።

«ጋሼ፣ ጥላው በረታብዎት?» ስላቸው ይቆጣሉ።

«አቧራ ነው የምከላከልበት! አቧራ!»

በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ የዓመት ፈቃዳቸውን ይወስዳሉ፣ ቤት ሊመርጉ። አንዱ ኃላፊ «ለምን እንደሰው ለፋሲካ አይወጡም?» ቢሏቸው «ፋሲካ ቤት አይመረግም ጌታዬ» ብለው ቅጹን አስፈርመው ወጡ። እኔም እናቴን ለማየት በዚያው ሰሞን ስለምወጣ እስከ አዋሽ ድረስ በአንድ አውቶቡስ መሄድ ልማዳችን ሆነ። በሙቀት በሚጋገረው አውቶቡስ ውስጥ ጋሽ በላቸው ጋቢና በርኖስ በፌስታል ታቅፈው ይቀመጣሉ። ተሳፋሪው ይስቃል። «ሳቁ፣ ሳቁ» ይላሉ፤ «እኔ የምወርደው እናንተ የማትደርሱበት ነው።»

አዋሽ ሰባት ኪሎ አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም እናቴ ቤት እንገባለን። እናቴ የወሎ ሰው ናት፤ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ ለሹፌሮችና ለመንገደኛ ምግብ ትሸጣለች። የእናቴ መኝታ ክፍል ከማድቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራ ስለነበር ምድጃ ውስጥ የመተኛት ያህል ነበር፤ እሷ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ «አልሐምዱሊላህ» እያለች ተኝታበታለች። ጋሽ በላቸው ይህን እንደሰሙ ምሳቸውን ትተው ተነሡ። ክሩን አወጡ፤ ክሩ ሞቷል። አውቶቡሱ ሄደ፤ እሳቸው ቀሩ። ያን ዕለትና በማግስቱ እስከ እኩለ ቀን ሠርተው ግድግዳውን ከገደሉ በኩል ከፈቱላት። ከአዋሽ ሸለቆ የሚወጣው ነፋስ ገብቶ መጋረጃውን ሲያነሣው እናቴ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ልጅ ሳቀች።

«ያ ረቢ! ይኼ ሁሉ ነፋስ እዚሁ ደጄ ነበር?» አለች። ከዚያ ሻይ እየቀዳችላቸው፣ እንደ ልማዷ የማይጠየቀውን ጠየቀች። «የሰው ቤት እንዲህ የሚያሳምሩ፣ የራስዎን ቤት ለማን ጥለው ነው?»

ጋሽ በላቸው ብርጭቆውን አስቀመጡ። ቀጥለው የነገሩንን እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር። እትዬ አስካለ ደረታቸው ደካማ ነው። ብርድ ሲነካቸው ወር ሁለት ወር ያስላቸዋል፣ ሐኪም «ብርድና ጢስ ጠላትሽ ነው» ብሏቸዋል። ሰመራ ሊያኖሯቸው አምጥተዋቸው ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ነስር ያዛቸው፣ እህል እምቢ አላቸው፣ በጎቼን ብለው ተመለሱ። የሚኖሩት የጋሽ በላቸው አባት በሠሩት አሮጌ ቤት ነው፤ በየዓመቱ ቢመረግም በየዓመቱ ይሰነጠቃል።

«ጡረታ ስወጣ» አሉ ጋሽ በላቸው፣ «በእጄ አንድ ቤት እሠራላታለሁ። ጢስ የማይቀመጥበት፣ ብርድ የማያልፈው። ከዚያ ሌላ ምኞት የለኝም።»

«ኢንሻ አላህ» አለች እናቴ።

«ኢንሻ አላህ» አሉ የመንዙ ሰው።

ጡረታ የወጡ ዕለት መሥሪያ ቤታችን ሽኝት አደረገላቸው። ለተሸኚ ሁሉ የሚሰጠው ስጦታ አንድ ዓይነት ነውና ለእሳቸውም ያንኑ ሰጠናቸው፦ የሚቆም ቬንትሌተር። ወደ መንዝ! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸውም ቬንትሌተሩን እንደ ሙሽራ አቅፈው ፎቶ ተነሡ። ሁመድ ደግሞ አዲስ ሽርጥ ገዝቶ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገላቸው። ሲሰናበቱኝ «ቤቱ ሲያልቅ ትመጫለሽ፤ ብርድ ምን እንደሆነ አሳይሻለሁ» አሉኝ።

ቤቱ በዓመቱ አለቀ። ድንጋይ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን። በስልክ ሲነግሩኝ ድምፃቸው እንደ ጎረምሳ ነበር። ብርዱ ሲገባ ግን ያ ድምፅ ቀነሰ። ጥር ላይ ሲደውሉ እትዬ አስካለ ሆስፒታል ተኝተው ወጥተዋል።

«ቤቱ ይበርዳል፣ ዘሃራ» አሉኝ። «ከአሮጌው ይብሳል። ስንጥቅ የለው፣ ምን የለው። ከየት እንደሚገባ አላገኘሁትም።»

«ክሩስ?»

«ክሩማ በየቦታው ይጨፍራል።»

በሚቀጥለው ጥቅምት ፈቃዴን ወሰድኩና እናቴ ዘንድ አንድ ቀን አድሬ ወደ ላይ ወጣሁ። እናቴ ያላትን ሹራብ ሁሉ አለበሰችኝ። ጣርማ በር ስደርስ ጣቶቼ የሌላ ሰው ጣት መሰሉኝ። መሐል ሜዳ ወርጄ ጋሽ በላቸው በርኖስ ለብሰው ቆመው ሳይ ግን ከሁሉም የገረመኝ፣ እሳቸውም እየተንቀጠቀጡ መሆናቸው ነው። እያወራን፣ አፋችን ጢስ እያወጣ፣ ሰፈራቸው ደረስን።

ቤቱን ከሩቅ ሳየው ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አውቀዋለሁ። በረንዳው በነፋሱ በኩል ፊቱን ሰጥቷል። መስኮቶቹ ትልልቅ ናቸው፣ ትይዩ ለትይዩ። በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል አንድ ስንዝር ክፍተት ዙሪያውን ዞሯል፣ ወንፊት ሽቦ በደንብ ተወጥሮበት። ቢሮዬ ነው! በዚያ ውርጭ መሐል የኔ ንብረት ክፍል ተገትሯል።

እኔ ደግሞ አፌን የምይዝ ሰው አይደለሁም።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ የሰመራ ቤት ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ጋሽ በላቸው መጀመሪያ አልገባቸውም። ቤታቸውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ መልሰው ቤቱን ከጣራው ጀምሮ እስከ መሠረቱ አዩት። ከዚያ አጥሩ ሥር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቁ እየቆየ ሌላ ነገር ሆነ። «የሐኪሙን ቃል ሰምቼ፣ ጢሱ እንዲወጣ ብዬ ነው የከፈትኩት» አሉ። «አሮጌውን አባቴ ነው የሠራው። እኔ ምርጊቱን ብቻ ነበር የማውቀው። ከመሠረት አንሥቼ የሠራሁት ቤት ሁሉ ሰመራ ነው። እጄ ሌላ አያውቅም።» ሁለቱን መዳፎቻቸውን ገልብጠው አዩአቸው። የመንደሩ ሰውም ተናግሮ አያውቅም፤ የመንግሥት ግንበኛ የሠራውን ማን ደፍሮ ይነቅፋል?

እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ ሴት ናቸው።

«አስካለ፣ አንቺም አይተሽዋል?» አሏቸው ጋሽ በላቸው።

«ቆርቆሮው ሲመታ ነው ያየሁት።»

«ሰው ሲታመም ዝም ይላል? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስትሠራው ታንጎራጉር ነበር» አሉ እትዬ አስካለ። «ከተጋባን ጀምሮ ስታንጎራጉር ሰምቼህ አላውቅም። ምን ብዬ ላቋርጥህ?»

ጋሽ በላቸው ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ። እኔም ጫማዬን የማስተካክል መስዬ አጎነበስኩ፤ ማልቀሴን ማንም እንዳያይብኝ ነበር።

በማግስቱ ቤቱን ለብርድ ማዘጋጀት ጀመርን፤ አምስት ቀን ፈጀ። ጎረቤቶች ጭድና እበት ይዘው መጡ። ጭቃውን የረገጥኩት እኔ ነኝ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ። የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ስጮህ ሴቶቹ ሁሉ ሥራ አቁመው ሳቁብኝ። «ያፋሯ» እያሉ ነበር የሚጠሩኝ፤ አፋር አይደለሁም ብል የሚሰማኝ አልነበረም። ጋሽ በላቸው ያን ወንፊት ሽቦ በገዛ እጃቸው ነቀሉት። በክፍተቱ ድንጋይ ሰካ ሰካ እያደረጉ ሲሞሉት፣ እኔ ከሥር ጭቃ አቀብላለሁ። በነፋሱ በኩል ያሉትን መስኮቶች ዘጋናቸው። ምድጃውን አውጥተን ለብቻው ትንሽ ማድቤት አስጠጋንለት፤ ጢሱ በዚያው እንዲቀር። በሩ ላይ አጎዛ ተሰቀለ፤ መደቡ ላይ የበግ ፀጉር ባና ተነጠፈ። ከሽኝቱ የመጣው ቬንትሌተር በጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ቆሞ ይህን ሁሉ ይመለከታል። ሙስሊም በመሆኔ ሥጋቸውን እንደማልበላ ያውቁ ስለነበር እትዬ አስካለ አምስቱንም ቀን ክክና ድንች ሠሩልኝ፤ እኔን ላለማሳፈር ራሳቸውም ያንኑ በሉ።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት ጋሽ በላቸው ክሩን አወጡ። በሩ ላይ ያዙት፤ ዝም። ከጣራው ሥር፤ ዝም። ማዕዘኑን ሁሉ ዞሩ። ሰመራ ላይ ክሩ ሲሞት እንደሚያዝኑት ሁሉ እዚህ ሲሞት ፊታቸው በራ። «አስካለ፣ ነይ እዪ!» አሉ። ሦስታችን ተጠጋግተን ቆመን የማይነቃነቅ ክር አየን። እንደዚያ ደስ ያለን ሰዎች በዚያች አገር የነበሩ አይመስለኝም።

በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ሲደርሱ ግን ክሩ ተነቃነቀ። ከመቀመጫቸው ትክክል፣ በዓይናቸው ቁመት፣ የቡጢ ያህል ቀዳዳ ትተዋል።

«ይቺ ተረሳች» አልኩና ጭቃ አነሣሁ።

«አልተረሳችም። ተያት» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁባት። አገሩ ከእግራችን ሥር ተቆርጦ ይወርዳል። ከታች ኮረብታ፣ ከኮረብታው ወዲያ ጭጋግ፣ ከጭጋጉ ወዲያ ቢጫ የሆነ ነገር፤ ቆላው።

«ጋሼ፣ ሰመራ እኮ ከዚህ አትታይም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ቢሆንም በዚያ በኩል ናት።»

ሰመራ ሳሉ ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ መንዝ ሲያወሩን ኖሩ፤ መንዝ ሲገቡ ደግሞ ጎረቤቱን በሰመራ ወሬ አሰልችተውት ነበር። ስለ ሁመድ እናት፣ ስለ ሎጊያ ሻይ ቤቶች፣ ሹራብ የማያስፈልገው ገላ እንዴት እንደሚቀል። እትዬ አስካለ ሳቁና «ተያት፤ ፀሐይ ስትገባ ይወትፋታል» አሉኝ። እውነትም ምሽት ሲሆን ጋሽ በላቸው የሁመድን ሽርጥ ጠቅልለው ቀዳዳዋ ውስጥ ጠቀጠቁ፤ ጠዋት ይነቅሉታል። እንዲህ ሲያደርጉ ሦስት ብርድ አለፈ። በሦስቱም እትዬ አስካለ ሐኪም ቤት አልሄዱም። ጋሽ በላቸው ሲደውሉ መጀመሪያ የሚነግሩኝ ይህን ነበር፦ «ዘንድሮም አላሳለችም!»

አራተኛው ብርድ ሊገባ ሲል ነው እንግዲህ እሳቸው ያረፉት፣ ምርጊቱ ሳይጀመር። እትዬ አስካለ ሽርጡን መንካት ስላልሆነላቸው ቀዳዳዋ ሌሊቱን ክፍት ታድር ጀመር፤ ሳሉም ተመለሰ።

ማክሰኞ ጠዋት የሆነውን ለሁመድ ነገርኩት። መሬቱን በዱላው ጫረ። «አትድፈንባት» አለኝ። «ሰውየው የኛ ነበር።» እናቴ ደውዬላት ሰምታ አለቀሰችና እሷም ያንኑ አለች፤ ነፋስ ወደ ቤቷ ያስገቡ ሰው ቀዳዳ ይዘጋል ወይ አለችኝ። እኔም ልቤ ያዘነበለው ወደዚያው ነበር። አልዋሽም፤ ከዚያ ተራራ ላይ ወደኛ የምታይ አንዲት ዓይን እንድትኖር ፈልጌ ነበር።

ረቡዕ ግን ንብረት ክፍል ተቀምጬ ቀና ስል፣ ጋሽ በላቸው የከፈቱልኝ ነፋስ ወረቀቴን ያነሣል። ሰውየው ወንበር ላይ ቆመው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ታዩኝ። ለማንም ሰው ቤት ሲሠሩ አንድም ቀን ስለ ራሳቸው አስበው አያውቁም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ እዚህ ውስጥ ማነው የሚኖረው? በዚያ ቤት አሁን የሚኖሩት እትዬ አስካለ ብቻ ናቸው።

ማታ ደወልኩ። «እትዬ፣ ይድፈኗት» አልኩ። «ቀዳዳዋ የሳቸው ነበረች፤ ቤቱን ግን የሠሩት ለእርስዎ ነው። እሳቸው የሉም። እርስዎ አሉ።»

እትዬ አስካለ «እሺ ልጄ» ብለው ዘጉት። ሰው የገደልኩ ያህል ተሰማኝ።

እሑድ ጠዋት መልሰው ደወሉ። ስለ ምርጊቱ፣ ስለ ጎረቤቶቹ፣ ጭድ ስለ መወደዱ፣ ስለ በጎቹ ረጅም ወሬ አወሩኝ። በዚያ ሁሉ ወሬ መሐል አንድም ጊዜ አላሳሉም። በመጨረሻ ላይ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ያቺን የደፈንኳት እኔ ነኝ፤ ለሰው አልሰጠኋትም። ሽርጡን ጠቅልዬ አስገባሁባት፣ እንደሱ አድርጌ። ከዚያ በላዩ መረግኩ። ጭቃው ሲደርቅ ክሩን ከሸሚዙ ኪስ አውጥቼ ያዝኩላት።»

«እና?» አልኩ።

«አይነቃነቅም ልጄ» አሉ እትዬ አስካለ። «ዝም ብሏል።»